የመስታወቱ መሀል

«ሁማን የሠራው ቴሌስኮፕ» ሲባል ፋርዛኔ የሰማችው ሁለተኛውን የሻይ ትሪ ይዛ እንግዳ ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ነበር። የሚናገሩት አጎቷ ናስሮላ ናቸው። ዕቃው ከበዓሉ በኋላ ለአንድ የወንዶች ትምህርት ቤት እንደሚሰጥ፣ የሟቹ ስም የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ እንደሚለጠፍበት፣ ሰሌዳውንም ራሳቸው ገበያ ወርደው እንዳዘዙ ለእንግዶቹ ያስረዳሉ። እንግዶቹ ተራ በተራ ነፍሱን ይማር አሉ። አንዷ ደግሞ እጁ ወርቅ ነበር አለች። ፋርዛኔ ትሪውን እንደያዘች የራሷን እጅ አየች። አውራ ጣቷ ጥፍር ሥር የገባው ቫርኒሽ በሎሚም በጨውም ታሽቶ አልለቀቀም። ወንድሟ ሁማን በዕድሜው አንዲት ሚስማር ቀጥ አድርጎ መትቶ አያውቅም። የሠራው መስታወቱን ነው። ቱቦውን፣ ቱቦው የሚያርፍበትን ሣጥን፣ ሣጥኑ የሚዞርበትን መቀመጫ፣ ያንን ሁሉ እንጨት ክረምቱን ምድር ቤት ገብታ የቆረጠችው፣ የላገችውና ያጣበቀችው እሷ ናት። አጎቷ ይህን ያውቃሉ። በየሳምንቱ እየመጡ የመጋዝ ድምፅ ለሐዘን ቤት አይሆንም ሲሉ የከረሙት እሳቸው ናቸው።

የዘመን መለወጫው ሁለተኛ ቀን ነው። ሁማን ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያው ዘመን መለወጫ ስለሆነ እነሱ የትም አይሄዱም፤ ያዝድ ከተማ ውስጥ የሚያውቃቸው ሁሉ ጥቁር ለብሶ ይመጣል፣ ተምር ያነሣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ትንሽ ተክዞ ይሄዳል። ክፍሉ ረጅምና ጠባብ ነው። ትራሶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ዙሪያውን ተደርድረዋል፤ ወንዶቹ በመስኮቱ በኩል፣ ሴቶቹ በበሩ በኩል ተቀምጠዋል። ስለ ሟቹ የሚባለው ነገር ካለቀ ቆይቷል። አሁን ወሬው የፒስታቺዮ ለውዝ ዋጋ ነው። አምና አንድ ኪሎ በተገዛበት ቶማን ዘንድሮ ግማሽ ኪሎ አይገኝም፣ ሻጩም ሚዛኑን በጀርባው ከልሎ ነው የሚመዝነው። ከፒስታቺዮ ወደ ዶላር፣ ከዶላር ወደ ውሃ መቋረጥ። እናቷ ኢሽራት በሩ አጠገብ ተቀምጣ ለሁሉም ራሷን ትነቀንቃለች። በመኸር ነበር፤ ሁማን ኮከብ ሲያይ አድሮ ከበረሃ ሲመለስ፣ ጎህ ሲቀድ፣ መሪ እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደውና ጨው ከጫነ መኪና ጋር ተጋጨ። ከዚያ ወዲህ ከእናቷ አፍ የሚወጣው የቤት ዕቃ ስም ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሽንኩርት። ክብሪት። በሩን።

ፋርዛኔ ትሪውን ለሴቶቹ ዝቅ ስታደርግ ነው ያየችው። ጥጉ ላይ በተነጠፈው ነጭ ጨርቅ፣ የሁማን ፎቶግራፍ፣ ሻማውና የበቀለው ስንዴ ባሉበት መሀል፣ መስታወቱ ቆሟል። የዘመን መለወጫ ገበታ ያለ መስታወት አይሆንም፤ የእነሱ ገበታ መስታወት ግን ሁልጊዜ የእናቷ የሠርግ መስታወት ነበር፣ ያ ባለ ብር ክፈፉ። ዛሬ በሱ ቦታ የሁማን ተቀምጧል። ትናንት ማታ ምድር ቤት ሣጥኑ ውስጥ ነበር፤ ፋርዛኔ ራሷ በጥጥ ከብባ ነው የከደነችው። ዛሬ ከቱቦው ግርጌ አሥራው በአሥር ሰዓት ከነፔይማን ጋር ወደ በረሃ ልትወስደው ነው። ፔይማን የሁማን ጓደኛ ነው፤ ጨረቃ በማትኖርበት በዚህ ሰሞን በየዓመቱ ሰብሰብ ብለው ከከተማ ርቀው ያድራሉ። መስታወቱ ጎድጓዳ ስለሆነ ከሩቅ ሲያዩት ሰውን ይዘቅዝቃል። እንግዶቹ ሁሉ ጥቁራቸውን እንደለበሱ፣ ብርጭቆአቸውን እንደያዙ፣ ወደ ታች ተንጠልጥለው ተቀምጠዋል። አጎቷ ናስሮላም ተዘቅዝቀው ስለ ውሃ ያወራሉ። በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ጎንበስ ብላ ስትጠጋ ግን መሀሉ ላይ ያ እንደ ብር የሚያበራው ሽፋን የለም። የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያህል ክብ ባዶ መስታወት ሆኗል።

አንዲት ጎረቤት የፋርዛኔን ዓይን ተከትላ መስታወቱን አየችና እንዴት ያለ ንጹሕ ነው አለች። እናቷ ከረጅም ጊዜ በኋላ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገረች።

«ከመስኮቶቹ ጋር አጠብኩት፣ በአቼቶና በጋዜጣ።»

ሴቶቹ አመሰገኗት። ሐዘን ላይ ሆና ቤቷን ለበዓሉ አራግፋ፣ ምንጣፍ አጥባ፣ መስኮት ወልውላ መቀበሏ ቀላል ነገር አይደለም ተባለ። መስኮት በአቼቶና በጋዜጣ የማያጥብ ቤት በሰፈሩ ስለሌለ ነገሩ ለማንም እንግዳ አልሆነም። አጎቷም ተባረኪ አሉ። ፋርዛኔ የመጨረሻውን ብርጭቆ አስቀምጣ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ትሪውን ግድግዳው ላይ ልትወረውረው ቃጣት፤ ትሪው ግን የጎረቤት ስለነበረ አልወረወረችውም።

ያንን መስታወት መንካት ክልክል መሆኑን እዚህ ቤት የማያውቅ የለም። ሁማን ሁለት ክረምት ሙሉ በውሃ በተሞላ በርሜል ዙሪያ እየዞረ፣ መስታወት በመስታወት ላይ እያሸ ነው ያጎደጎደው። ከሻካራው የማሻሻ ዱቄት ወደ ለስላሳው በሚሻገርበት ቀን ምድር ቤቱን ከጣሪያ እስከ ወለል ያጥብ ነበር፤ አንዲት የሻካራው ቅንጣት ከቀረች የወራት ሥራ ይቧጨራል። እናቱን በዚያ ሰሞን መጥረጊያ እንዳታነሣ፣ ምንጣፍ እንዳታራግፍ ለምኗት፣ እሷም በአቧራ ውስጥ ተቀምጣ ጎረቤት ሳታስገባ ከርማለች። አለቀና እንደ ብር የሚያበራው ሽፋን እንዲቀባ ቴህራን ላለ አንድ ወርክሾፕ ተላከ። ተሸፍኖ በአውቶቡስ ጭነት ሲመለስ ሁማን ከተቀበረ አርባ ቀኑ አልፎ ነበር። ሣጥኑን የፈታችው ፋርዛኔ ናት። ማንንም ሳታማክር በማግስቱ ጣውላ ገዛች። የሴራሚክ ፋብሪካ ውስጥ ንድፍ ነው የምትሠራው፤ መስመር ማስመር ታውቃለች፣ እንጨት ግን መስመሩን አይሰማም። የመጀመሪያው ቱቦዋ አንድ ስንዝር አጥሮ ማገዶ ሆነ። ሁለተኛው ስምንት ጎን ያለው፣ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ ሆኖ ወጣ። መቀመጫው ሳይንገጫገጭ እንዲዞርላት ከሥሩ የሚነጠፍ የሙዚቃ ሸክላ ያስፈልጋት ነበር፤ እናቷን ከሠርጓ ጊዜ ሸክላዎች አንዱን ስትለምናት እናቷ የትኛውን ሳትል ቁም ሳጥኑን በአገጯ አሳየቻት። ስለ ቴሌስኮፑ የተነጋገሩት ይኸው ነው። የት ልትወስደው እንደሆነ እናቷ አልጠየቀችም፣ ፋርዛኔም አልተናገረችም። ለእናቷ የነገሯት አጎቷ ናቸው፤ ከፔይማን አባት ሰምተው ባለፈው ሳምንት እናቷ ፊት አነሡት። እናቷ ያን ጊዜ ሩዝ ትለቅም ነበር፤ ቀና አላለችም።

ፋርዛኔ ምድር ቤት ወርዳ ለፔይማን ደወለች።

«በአቼቶ?» አለ ፔይማን። «ሰላጣ መሰላት እንዴ?» ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ የቴህራኑ ወርክሾፕ የበዓሉ አሥራ ሦስት ቀን ሳያልፍ እንደማይከፈት ነገራት፤ እሷም ይህንን ታውቃለች። ያን ጊዜ ጨረቃዋ ሞልታ ሰማዩ ይነጣል፣ የዓመቱ ምሽት ያልፋል። ከሱም በላይ የነሐስ ሰሌዳው ይደርሳል። አጎቷ ዕቃውን አስጭነው ሲወስዱ ማን ይከለክላቸዋል፤ በሕይወት ያለው የቤቱ ወንድ እሳቸው ናቸው። የወንድሟ ስም፣ የእሷ ድካም፣ ሁለቱም አንድ ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ አቧራ ይለብሳሉ።

ፔይማን ሽፋኑ የለቀቀው ቦታ ምን ያህል እንደሆነ፣ የት ላይ እንደሆነ ጠየቃት። መሀሉ ላይ አለችው፣ የሻይ ብርጭቆ አፍ ያህል።

«መሀሉ ላይ ብቻ? ጠርዙ ምንም የለውም?»

«ምንም።»

«እስቲ ለኪውና ንገሪኝ። የትንሿን መስታወት መያዣ ስትሠሪ የቆረጥሽው ክብ እንጨት አለ አይደል? በሱ ለኪው።»

ወደ ላይ ወጣች። የሻማው ሰም ሊንጠባጠብበት ነው ብላ መስታወቱን ከገበታው ላይ በሁለት መዳፏ መሀል፣ ጠርዙን ብቻ ይዛ አነሣች። እናቷ አየቻት። ዓይኗ እስከ በሩ ተከተላት። ምድር ቤቱ ኮላና የተላገ እንጨት ይሸታል። ቴሌስኮፑ በመካከሉ ቆሟል፤ ቁመቱ እስከ ደረቷ፣ ቫርኒሹ ማር የመሰለ፣ ግርጌው ባዶ። ፋርዛኔ መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ አጋድማ መጀመሪያ ከተበላሸባት መያዣ የተረፈውን ክብ እንጨት አነሣችና ሳታስነካ ከላዩ ያዘችው። ባዶው ቦታ ጠፋ። ከእንጨቱ ሥር ሙሉ በሙሉ ገባ፣ በየአቅጣጫው የክር ውፍረት ያህል ተርፎት። እንጨቱን አነሣች፣ መለሰች። በጋዜጣ የሚወለውል እጅ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ጭረቱን እስከ ዳር ይጎትታል። ይሄ ግን ዳሩ ጥርት ያለ ክብ ነው፤ አንድ ሰው በትዕግሥት፣ አቼቶ በነካ ጣት፣ ከዚህ እንዳታልፍ ተብሎ እንደተሠመረለት አድርጎ ያሸው ነው።

ያን ጊዜ የአምናው ምሳ ትዝ አላት። ሁማን ስለ ቴሌስኮፑ ካልነገርኳችሁ ብሎ ሩዙን አቀዘቀዘው። ክቡን የመዳብ ትሪ አንሥቶ ይሄ ትልቁ መስታወት ነው አለ። የሻይ ብርጭቆውን ገልብጦ በመዳፉ ከትሪው በላይ አንጠልጥሎ ያዘና ይህቺ ደግሞ ትንሿ መስታወት ናት፣ ከላይ ተንጠልጥላ ብርሃኑን ወደ ዓይን የምትመልሰው እሷ ናት አለ። «እዩ እንግዲህ፣ ብርጭቆዋ ሁልጊዜ የትሪውን መሀል ትጋርደዋለች። መሀሉ ጥላ ውስጥ ነው። ኮከብ አይቶ አያውቅም።» ፋርዛኔ እሺ ገባን፣ እንብላ ብላው ነበር። እናቷ ሳታዳምጥ ቅጠል ትለቅም ነበር። ፋርዛኔ የመሰላት እንደዚያ ነው።

ለፔይማን በአጭሩ ጻፈችለት፤ በትንሿ መስታወት ጥላ ይሸፈናል፣ በአሥር ሰዓት ና። ከዚያ መስታወቱን ከቱቦው ግርጌ ሳታሥር ሣጥኑ ውስጥ መልሳ ወደ ማድ ቤት ወጣች። ፋታ የሚገኝበት ሰዓት ነበር፤ የጠዋቱ እንግዶች ሄደው የከሰዓቱ ገና እየገቡ ነው፣ አጎቷ ለመጡት ስለ ሰሌዳው ከመጀመሪያው ጀምረው ይነግሯቸዋል። እናቷ ብርጭቆ ታለቀልቃለች።

«በአቼቶ ነው ያጠብሽው?»

«መስኮቱን ሁሉ በአቼቶ ነው ያጠብኩት።»

«መስኮት ስታጥቢ ዙሪያውን ትተሽ መሀሉን ብቻ አታሺም፣ እማ።»

እናቷ ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አንሥታ አየችው፣ ደግማ አለቀለቀችው፣ ደፋችው። ሌላ አነሣች። ከእንግዳ ክፍሉ የአጎቷ ድምፅ፣ ከውጭ የሞተር ሳይክል ድምፅ ይሰማል።

«መሀሉ ምንም አያይም ብሎ ነበር» አለች እናቷ። «በትሪው ያሳየን ጊዜ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው አልተበላሸም።»

«አልተበላሸም። አንቺ ግን እንዲበላሽ ነው የፈለግሽው።»

«ሙሉውን ልፍቀው ነበር የተነሣሁት፣ አንቺ ተኝተሽ እያለ። ከዚያ ማለፍ እጄ እምቢ አለ።» እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «አንቺ ደግሞ አንዲት ጭረት ካየሽ ነገሩን ሁሉ አሽቀንጥረሽ ትተዪዋለሽ። የመጀመሪያውን ቱቦ እንዳነደድሽው። ለዘንድሮ ብቻ ብትተዪው ብዬ ነው።»

ፋርዛኔ ልታዝንላት ይገባ ነበር፤ የተሰማት ግን ንዴት ነው። ክረምቱን ሙሉ እላይና እታች ሆነው፣ አንዷ በመጋዝ ሌላዋ በድስት ድምፅ እየተደማመጡ፣ አትሂጂ የሚለውን አንድ ቃል መናገር ሲቻል፣ የሞተ ሰው መስታወት ላይ አቼቶ። ይህንን ልትላት አፏን ከፈተች። የእናቷ አውራ ጣት ላይ ቆዳው ተልጦ፣ ቀልቶ አየችና ተወችው።

«በአሥር ሰዓት ይመጣሉ» አለች። «እሄዳለሁ።»

«ማን ነው የሚነዳው?»

«ፔይማን።»

«እንቅልፍ ተኝቷል?»

«እኔ እንጃ።»

«ጠይቂው።»

ፋርዛኔ ደወለችና እናቴ ተኝተሃል ወይ ትላለች አለችው።  ከዚያ ፔይማን ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ተኝቻለሁ በያት አለ። ፋርዛኔ ነገረቻት።

«ይዋሻል» አለች እናቷ፣ ወደ ብርጭቆዋም ዞረች።

አሥር ሰዓት ሳይሞላ ሚኒባሱ በሩ ላይ ቆመ። ፔይማን አንገቱን ደፍቶ ገባ፤ ይህንን ቤት ከአርባው ቀን ወዲህ አልረገጠውም። ቱቦውን እሱ በግርጌው፣ ፋርዛኔ በአፉ በኩል ይዘው ከምድር ቤቱ ደረጃ ሲወጡ አጎቷ ናስሮላ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ከኋላቸው የእንግዳ ክፍሉ በር ክፍት ስለነበረ ሁሉም ያያል፣ ሁሉም ይሰማል። አጎቷ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። የሟች ዓመት ሳይወጣ የቤቱ ልጅ ከወንዶች ጋር በረሃ አድራ እንደማታውቅ፣ ይህ ሁሉ እንግዳ ለማን ብሎ እንደመጣ፣ ዕቃው ደግሞ ቃል የተገባበት መሆኑን በእርጋታ አስረዱ። ፋርዛኔን እንጨቱ ከበዳት፤ ልታስቀምጠው ግን አልፈለገችም፣ ካስቀመጠችው የምታነሣው አይመስላትም።

«ሁማን የሠራውን ዕቃ» አሉ አጎቷ «እንደ ሰንዱቅ ተሸክመሽ...»

«ሁማን ሚስማር መምታት አይችልም ነበር፣ ጋሼ ናስሮላ።» እናቷ ከማድ ቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች። «አንድ ጊዜ ሥዕል ስቀልልኝ ብዬው ግድግዳውን አፍርሶታል። እንጨቱን እሷ ናት የሠራችው። እዚህ ተቀምጬ ስሰማ ነው የከረምኩት።»

ከእንግዳ ክፍሉ አንዲት አሮጊት ግድግዳውን የማፍረሱ ነገር አስቋት በአፍንጫዋ ሳቀች፣ ወዲያውም ነፍሱን ይማር አለች።  እናቷ ግን አልጨረሰችም። ከመስቀያው ላይ ጥቁር ቻዶሯን አውርዳ ራሷ ላይ ጣለች፣ ፋርዛኔ አስቀድማ ደረጃው ጫፍ ያወጣችውን የመስታወቱን ሣጥን አነሣች፣ በክንዷ ሥር አደረገችው።

«ወዴት ነው?» አሉ አጎቷ፣ አሁን ድምፃቸው ከፍ ብሎ። «እህቴ፣ የመጀመሪያው በዓል ነው። ሰው ይመጣል።»

«እርስዎ አሉ አይደል። ውሃው ፈልቷል፣ ተምሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር በሰፈሩ ታይቶ አይታወቅም፤ ነገ ጠዋት ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ ስንት ዓይነት ሆኖ እንደሚወራ ፋርዛኔ ከአሁኑ ይሰማታል። እናቷ ጫማዋን አደረገች፣ ወጣች። ሚኒባሱ ውስጥ የነበሩት ልጆች ከኋላ ቦታ ሊለቁላት ተነሡ። እሷ የፊቱን በር ከፍታ ሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠች፣ ሣጥኑን ጉልበቷ ላይ አደረገችና ቀበቶውን አሠረች። ፔይማን መሪውን ይዞ ሞተሩን ሳያስነሣ ቆየ።

«እትዬ ኢሽራት፣ እዚያ በጣም ይበርዳል። ሌሊቱን ሙሉ ነው የምናድረው።»

«እኔ ኮከብ ለማየት አይደለም የመጣሁት። ንዳ።»

ከከተማው ሲወጡ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ተጠግታ የጡብ ምድጃዎቹ ጥላ መንገዱን ያቋርጥ ነበር። ፋርዛኔ ከኋላ ወለሉ ላይ ቱቦዋን አቅፋ ተቀምጣለች፤ መኪናው በነጠረ ቁጥር እንጨቱ አገጯን ይመታታል። ከፊት የእናቷ ድምፅ ይሰማል። እናቷ ታወራለች። ከመኸር ወዲህ ሦስት ቃል አስከትላ ያልተናገረች ሴት፣ ፔይማንን ስለ እህቱ ወሊድ ጠየቀችው፣ ልጁ ማንን እንደሚመስል ጠየቀችው፣ መልሱ ሲያጥር ስለ አባቱ ስኳር በሽታ ጠየቀችው። ፒስታቺዮ ሻጩ ሚዛኑን በጀርባው እንደሚከልል ነገረችው። ፔይማን መጀመሪያ በአፍረት፣ ቀስ በቀስ ግን እየተከራከረ ይመልስላታል። እሷ አንድ ጊዜም ፊቷን ወደሱ አላዞረችም፤ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው፣ እጇ ሣጥኑ ላይ።

የፒስታቺዮው እርሻ የጭቃ አጥር ካለቀ በኋላ፣ መንገዱ ወደ ጨው ሜዳው ከመታጠፉ በፊት ያለውን፣ ሁማን የተጋጨበትን ቦታ ሁሉም ያውቀዋል።  ከልጆቹ አንዱ ሙዚቃውን አጠፋው። ፔይማን ፍጥነቱን ቀነሰ። የአጥሩ ጫፍ በእናቷ መስኮት በኩል መጣ፣ አለፈ።

«የቤት ኪራይ ስንት ትከፍላለህ?» አለች እናቷ።

ፔይማን ዋጋውን ተናገረ።

«ውድ ነው» አለች። «ለስንት ክፍል?»